ወይራው ከሰል ከመሆኑ በፊት
የቢላዋ እጀታን በእጅ አለስልሶ ለገበያ ማብቃት ለገበሬው የሚሰጠው ጥቅም

ቢላዋ በገበሬው ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ከእጅ የማይለይ መሣሪያ ነው። ሽንኩርት የሚከተፈው፣ ጠፍርና ገመድ የሚቆረጠው፣ በበዓል ቀን በግ የሚታረደውና ቆዳው የሚገፈፈው በእርሱ ነው። ይሁን እንጂ ገዢ ቢላዋ ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው ስለቱን ነው። ጣቱን በስለቱ ላይ አሳርፎ ይሞክራል፤ ብረቱን በጥፍሩ መትቶ ድምፁን ይሰማል። እጀታውን ግን ልብ የሚለው የለም። ወር ሳይሞላው እጀታው ሲሰነጠቅ በጨርቅ ይጠመጠማል፤ ሲላላ ሽብልቅ ይገባበታል፤ በመጨረሻም ብረቱ ደኅና ሳለ ቢላዋው ይጣላል።

ይህ ቀላል የሚመስል ጉዳይ በቅርብ ሲታይ ሦስት ነገሮችን ይነካል። አንደኛው የገበሬውና የባለቤቱ እጅ ደኅንነት ነው። ሁለተኛው የቆዳ ጥራት ነው። ሦስተኛው ደግሞ በየቀበሌው ያለው የወይራ ዛፍ ዕድል ነው። እጀታን በእጅ አለስልሶ የእንጨቱን የተፈጥሮ መልክ ማውጣት ለዓይን ብቻ የሚደረግ ጌጥ ሳይሆን፣ ከእነዚህ ከሦስቱም ጋር የተያያዘ ሙያ ነው።

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ የምትገኘው ሳንሱሲ ለዚህ ሙያ ስለሚያስፈልጉት ነገሮች መነጋገሪያ የምትሆን ሰፈር ናት። ከአስኮ አልፎ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ በዚያ ያልፋል። ከከተማው ወገን መርካቶ አለ። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት በእጅ ባለሙያዎች መዶሻ እንደገና ነፍስ ይዘራል፤ የመኪና ባሌስትራም ለቢላዋና ለማጭድ የሚሆን ደኅና ብረት ነው። ከገጠሩ ወገን ደግሞ ተልባ፣ ሰምና እንጨት አለ። ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከልና የንብ ምርምር ማዕከል ይገኛሉ። ተልባ ከማዕከሉ የምርምር ሰብሎች አንዱ ነው። ስለዚህ ጥሩ እጀታ ለመሥራት ከሚያስፈልጉት ነገሮች ከከተማ የሚመጣው ብረቱና የብርጭቆ ወረቀቱ ሲሆን፣ የቀሩት ሦስቱ፣ ማለትም ወይራው፣ የተልባው ዘይትና ሰሙ፣ ከገበሬው ደጅ የሚገኙ ናቸው።

እንጨቱን መምረጥ

ለእጀታ የሚሆን እንጨት ጠጣር፣ ቃጫው የተጠጋጋና በቀላሉ የማይሰነጠቅ መሆን አለበት። በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ከሚበቅሉት ዛፎች መካከል ይህን የሚያሟላው በቅድሚያ ወይራ ነው። የወይራ እንጨት ከባድ በመሆኑ እርጥብ ሳለ ውኃ ውስጥ ቢጣል ይሰምጣል። የውጪው ክፍል ነጣ ያለ ሲሆን፣ የውስጡ ቡናማ ሆኖ ጠቆር ያሉ ዥንጉርጉር መስመሮች አሉበት። በጥሩ ሁኔታ ከለሰለሰ እንደ ተወለወለ ድንጋይ ያበራል። ክትክታም ጠንካራ በመሆኑ ከጥንት ጀምሮ ለመሣሪያ ዛቢያና ለበትር ሲያገለግል ቆይቷል። ዋንዛ ለመሥራት የሚመችና መልኩም የሚያምር ቢሆንም ከወይራ የለሰለሰ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው አገር በቀል ዛፎች መካከል አስቀምጦት እንደ ነበር የሚዘነጋ አይደለም። ባሕር ዛፍ በየቦታው የሚገኝ ቢሆንም ሲደርቅ የመጠማዘዝና የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው ለዶማ ዛቢያ እንጂ ለቢላዋ እጀታ እምብዛም አይመረጥም።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ዋናው ነገር፣ ለእጀታ ተብሎ ዛፍ መቁረጥ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። አንድ የቢላዋ እጀታ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ይበቃዋል። የእጅ አንጓ የሚያህል ውፍረት ያለው አንድ ሜትር የወይራ ቅርንጫፍ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ሲቆረጥ 6 ቁራጭ ይሆናል። እያንዳንዱ ቁራጭ መሐል ለመሐል ለሁለት ሲሰነጠቅ 12 እጀታ ይወጣዋል። በማድረቅ ጊዜ ጥቂቱ ቢሰነጠቅና ቢጣል እንኳ 8 ወይም 9 ደኅና እጀታ ይቀራል። ይኸው አንድ ሜትር ቅርንጫፍ ከሰል ቢሆን ግን ለአንድ ጀበና ቡና ተጫጭሶ የሚያልቅ ነው።

ቁራጩ በሚሰነጠቅበት ጊዜ በቅርንጫፉ መካከል ያለው ልብ ከእጀታው ውጪ እንዲሆን ያስፈልጋል። ልቡን የያዘ እንጨት ሲደርቅ ከመሐሉ ጀምሮ ስለሚተረተር የኋላ ኋላ ሥራውን ከንቱ ያደርጋል። እንዲሁም የእንጨቱ መስመር ከእጀታው ጫፍ እስከ ጫፍ በቀጥታ የሚሄድ መሆን አለበት። መስመሩ አግድም ያቋረጠው እጀታ ምንም ያህል ቢያምር፣ ኃይል ሲያርፍበት በዚያው ቦታ ይሰበራል።

ማድረቅ ችኩልነትን አይወድም

በየገበያው የሚታየው የእጀታ ብልሽት አብዛኛው የሚመጣው ሳይደርቅ ከተሠራ እንጨት ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። በእጀታ ላይ የተገጠመው ብረት ግን አይኮማተርም። በመሆኑም እንጨቱ ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ ደግሞ ብረቱን ይለቃል።

ወይራ እጅግ ጠጣር ስለሆነ ውኃው ከውስጡ የሚወጣው በዝግታ ነው። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ጫፎቹ ቀድመው ስለሚደርቁ እንደ ሸረሪት ድር ይተረተራሉ። ስለዚህ ቁራጮቹ የሁለቱ ጫፎቻቸው መቆረጫ በቀለጠ ሰም ወይም በእበት ተለስኖ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ተደርገው መደርደር አለባቸው። የእንጨት ሠራተኞች በቆየ ልምድ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ማቆየትን እንደ ልክ ይወስዱታል። ለእጀታ የተሰነጠቀ ቁራጭም ወደዚያው ግድም ይጠጋል። መድረቁን ለማወቅ ቀላሉ ዘዴ መመዘን ነው። አንዱ ቁራጭ ተለይቶ በየሳምንቱ በሱቅ ሚዛን ይመዘናል፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እንጨቱ ለሥራ ደርሷል ማለት ነው።

በዚህ አኳኋን ዘንድሮ ከውቂያ በኋላ የተገረዘው ቅርንጫፍ ለሚመጣው ዓመት የበጋ ሥራ ይደርሳል። ገበሬው እህሉን ለዘር እንደሚያስቀምጥ ሁሉ እንጨቱንም ለከርሞ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ቅርጽ ማውጣትና ብረቱን መግጠም

ቁራጩ ከደረቀ በኋላ በመጋዝና በመጥረቢያ ተጠርቦ ቅርጹ ይወጣል። ክብ እጀታ በእጅ ውስጥ ስለሚሽከረከር ለቢላዋ አይመከርም። እንቁላል መሰል ሞላላ ሆኖ፣ ሆዱ መዳፍን የሚሞላ፣ ጫፉ ወደ ታች ጥቂት ጎበጥ ያለ እጀታ ግን እጁ በደም ወይም በስብ ቢርስ እንኳ በቀላሉ አያመልጥም። ባለቤቱ ወይም ገዢው ቅርብ ከሆነ የእጁን መዳፍ ስፋት ለክቶ መሥራት የተሻለ ነው። በወንድ እጅ ልክ የተሠራ ቢላዋ ለብዙ ሴቶች ወፍራም ይሆናል፤ የወጥ ቤቱን ቢላዋ አዘውትረው የሚይዙት ደግሞ እነርሱ ናቸው።

ወደ እንጨቱ የሚገባው የብረቱ ጅራት ብዙ ጊዜ በእሳት ግሎ በአንድ ጊዜ ይሰካል። ይህ ዘዴ ፈጣን ቢሆንም ጉዳት አለው። የጋለው ብረት በዙሪያው ያለውን እንጨት ከሰል ስለሚያደርገው፣ ከሰሉ ሲፈረፈር እጀታው ይላላል። ከዚህ የተሻለው አሠራር አስቀድሞ ከጅራቱ ጠበብ ባለ መሰርሰሪያ ቀዳዳውን ማውጣት፣ ጅራቱን ለብ አድርጎ ማስገባት፣ ማውጣት፣ የተቃጠለውን ከቀዳዳው ጠርጎ በኮላ አጣብቆ መግጠም ነው። ብረቱ በሚገባበት የእጀታ አፍ ላይ ከመዳብ ቧንቧ የተቆረጠ ቀለበት ቢጠልቅበት እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ስለቱ እንደ እጀታው የረዘመና በሁለት የእንጨት ክንፍ መካከል የሚገባ ከሆነ ደግሞ፣ ሦስት ቦታ ተበስቶ ሚስማር ይገባበትና ራሱ በመዶሻ ይቀጠቀጣል።

ከዚህ በኋላ ባለው ሥራ ሁሉ ስለቱ በወፍራም ጨርቅ ወይም በካርቶን መጠቅለል አለበት። እጀታ ሲያለሰልሱ የሚቆረጡ ሰዎች አብዛኞቹ የሚቆረጡት ይህን ባለማድረግ ነው።

የእንጨቱን መልክ ማውጣት

የሙያው ማረፊያ ይህ ክፍል ነው። ሥራውም በአምስት ደረጃ የሚከናወን ነው።

አንደኛ፣ በሻካራ ሞረድ የመጥረቢያውና የመጋዙ ምልክት ይጠፋል። ቀጥሎ በለስላሳ ሞረድ የሞረዱ ጥርስ ምልክት ይጠፋል። በዚህ ደረጃ እጀታው ደጋግሞ በእጅ ተይዞ ይሞከራል፤ ጣት የሚቆረቁረው ቦታ ካለ የሚስተካከለው አሁን ነው።

ሁለተኛ፣ እጀታው ይፋቃል። ለዚህ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው የጠርሙስ ስባሪ ወይም ጀርባው ስለታም የሆነ የመጋዝ ቁራጭ በጨርቅ ተይዞ፣ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ሲሳብ ስስ ልጥ እያነሣ ይሄዳል። በስባሪ የሚሠራ ሰው ፍንጣሪ ከዓይኑ እንዳይገባ መጠንቀቅ ይኖርበታል። የሚነሣው እንደ ዱቄት ሳይሆን እንደ ስስ ልጥ ከሆነ ሥራው በደንብ እየሄደ ነው።

ሦስተኛ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። በ80 ቁጥር ተጀምሮ በ120፣ በ180ና በ240 እየተቀጠለ እስከ 400 ቁጥር ይደረሳል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ እየለሰለሰ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከ80 ወደ 400 በመዝለል ነው። ለስላሳው ወረቀት የሻካራውን ጭረት ማጥፋት ስለማይችል፣ ጭረቱ በዓይን ባይታይም ዘይት ሲቀባ ይገለጣል። ማሸት ያለበትም ምንጊዜም በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ነው። አግድም የታሸ እጀታ ቀለም እንደ ተቧጠጠበት ግድግዳ ሆኖ ይቀራል። የወይራ ብናኝ አፍንጫና ጉሮሮን ስለሚያስቆጣ አፍና አፍንጫን በነጠላ ወይም በመሸፈኛ ማሰር ይበጃል።

አራተኛ፣ እጀታው በረጠበ ጨርቅ ይታበሳል። ውኃው የተጋደሙትን የእንጨት ቃጫዎች ያስነሣቸዋል። ከደረቀ በኋላ በእጅ ሲዳሰስ ለስላሳ የነበረው እጀታ እንደ ጢም መልሶ ይሻክራል። ይህ የሥራ ብልሽት አይደለም። የቆሙት ቃጫዎች በ400 ቁጥር ወረቀት በቀስታ ይመለጣሉ። ይኸው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ እጀታው ከዚያ ወዲህ ውኃ ቢነካው አይሻክርም። ይህን ደረጃ የዘለለ ቢላዋ በመጀመሪያው እጥበት ሻካራ ይሆንና ገዢውን ያስቀይማል።

አምስተኛ፣ በደረቀና በለሰለሰ አጥንት ወይም ቀንድ ተጭኖ ይወለወላል። የእንጨቱ ገጽ ተጠቅጥቆ ዘይት ሳይነካው ማብራት ይጀምራል።

ዘይትና ሰም

በደረቅ እንጨት ገጽ ላይ በዓይን የማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች አሉ። ብርሃን በእነዚህ ላይ ሲያርፍ ስለሚበታተን እንጨቱ ደብዛዛ ሆኖ ይታያል። ዘይት ቀዳዳዎቹን ሲሞላቸው ብርሃኑ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ የእንጨቱ መስመርና ቀለም ከጥልቁ ይታያል። እጀታው የተለየ ቀለም የተቀባ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ የተጨመረበት ቀለም የለም።

ሁሉም ዘይት ግን ለዚህ አይሆንም። የተልባ ዘይት ከአየሩ ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ የሚደርቅና የሚጠጥር ጠባይ አለው። ለእንጨት የሚመረጠው ለዚህ ነው። የኑግ ዘይትም ይደርቃል፤ ነገር ግን ከተልባ የዘገየ ስለሆነ ወፍራም ተደርጎ ከተቀባ ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል። ቅቤና ሌላው የምግብ ዘይት ከጊዜ በኋላ ይሸታል፣ አቧራም ይይዛል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ጎጂ የብረት ቅንጣቶች ስላሉበት ምግብ በሚነካ ቢላዋ ላይ ፈጽሞ መቀባት የለበትም። በሱቅ “የተፈላ” እየተባለ የሚሸጠው የቀለም ቤት ተልባ ዘይትም ማድረቂያ ኬሚካል ሊኖርበት ስለሚችል ለወጥ ቤት ቢላዋ አይመረጥም። ቬርኒሽም ለዕይታ ቢያበራም እንደ ልጥ ገጹን ስለሚሸፍን እጅ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ውሎ አድሮም ይላጣል።

የተጨመቀው ንጹሕ የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ ተደርጎ ይቀባል። 20 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ያልተመጠጠው ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ይነሣል። ከዚያ እጀታው እስኪደርቅ አየር በሚያገኘው ቦታ ይሰቀላል። እንደ አየሩ ሁኔታ ይህ የጥቂት ቀናት ጊዜ ይወስዳል። ይኸው ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይደገማል። አንድ ጊዜ ወፍራም ከመቀባት አምስት ጊዜ ስስ መቀባት ይሻላል። በመጨረሻም ጥቂት የንብ ሰም ከተልባው ዘይት ጋር በለስላሳ እሳት ቀልጦ፣ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ እየተጠረገ ይታሻል።

እዚህ ላይ የእሳት አደጋ መኖሩ መታወቅ አለበት። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ዘይቱ ሲደርቅ የሚያመነጨው ሙቀት ስለሚታመቅ፣ ማንም ክብሪት ሳይጭር በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁ ተዘርግቶ ውጪ ሊደርቅ ወይም በውኃ ተነክሮ ሊወገድ ይገባል። የሣር ክዳን ባለበት መንደር ይህ በቀላሉ የሚታይ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

እጀታና የቆዳ ጥራት

የአገራችን ቆዳና ሌጦ በገበያ ላይ ዋጋ ከሚያጣባቸው ምክንያቶች አንዱ በግፈፋ ጊዜ በቢላዋ መቆረጡ መሆኑ ከቆየ ጀምሮ ይታወቃል። በየቤቱና በየቅርጫው በሚታረደው ከብት ላይ ገፋፊው በተገኘው ቢላዋ ይሠራል። እጀታው የላላ ወይም በጨርቅ የተጠመጠመ ቢላዋ በስብ ሲርስ በእጅ ውስጥ ይሾራል፤ ጫፉም ሳይታሰብ ወደ ቆዳው ይዞራል። አንድ ቀዳዳ ወይም አንድ ጥልቅ ጭረት በቀሪው ዕድሜው ሁሉ ከቆዳው አይጠፋም። ጫማ ፋብሪካ ሲደርስም በዚያ ዙሪያ ያለው ክፍል ተቆርጦ ይጣላል። ከሳንሱሲ በቅርብ ርቀት ያለችው አስኮ በጫማ ፋብሪካዎቿ ስሟ የቆየ ሰፈር በመሆኗ ይህ ነገር ለአካባቢው እንግዳ አይደለም።

ለግፈፋ የሚሆነው ቢላዋ ስለቱ ቀስት መሰል፣ ጫፉ ደነዝ፣ እጀታው ደግሞ መዳፍን ሞልቶ የማይሾር ነው። ቆዳው ከሥጋው በተላቀቀበት ቦታም ቢላዋውን አስቀምጦ በጭብጥ እየገፉ ማላቀቅ ይመረጣል። በቅርብ ዓመታት የጥሬ ቆዳ ዋጋ መውደቁ ብዙውን ገበሬ ተስፋ አስቆርጦታል፤ በየመንገዱ የተጣለ ሌጦ ማየት የተለመደ ሆኗል። ሆኖም ገበያ ሲጠብብ ቀድሞ የሚጣለው የተቆረጠው ቆዳ፣ መጨረሻ የሚጣለው ደግሞ ደኅናው መሆኑ የማይቀር ነው።

ሙያውን የሚያህል ክብር

ይህ ሁሉ ሙያ እያለ በብዙ መንደር ወጣቱ ወደዚህ ሥራ የማይቀርበው ትርፉን ጠልቶ ብቻ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጥንና እንጨት የሚጠርብን ሰው በስድብ ስም መጥራት፣ ልጁን ለጋብቻ መንፈግ፣ “ቡዳ ነው” እያሉ መሸሽ ለረዥም ዘመን የኖረ ነውር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድቡ ሰዎችን በአዋጅ ገሥጸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን ከየመንደሩ ጨርሶ አልጠፋም። በገና ቢላዋ የሚያበጅለትን ሰው በጥምቀት የሚሸሽ ጎረቤት፣ ቢላዋውን የሚወድና እጁን የሚንቅ ነው።

ሌላው ዓለም በዚህ ረገድ የሚያስተምረው ነገር አለ። በስዊድን አገር ሞራ በምትባለው ወረዳ ያሉ ገበሬዎች መሬታቸው በበረዶ ተሸፍኖ እርሻ በሚቆምበት ወራት በየቤታቸው ቢላዋ ይሠሩ ነበር። ስለቱን ራሳቸው ይቀጠቅጣሉ፤ እጀታውን ደግሞ በአካባቢያቸው ከሚበቅለው በርች ከተባለ ዛፍ ይጠርባሉ። ከእነዚሁ መንደሮች በአንዱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 የተቋቋመ የቢላዋ ፋብሪካ ከዚሁ የገበሬ ሙያ የወጣ ነው። ዛሬም የሞራ ቢላዋ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። የእኛም ገበሬ ከውቂያ እስከ እርሻ መግቢያ ባለው ጊዜ እጁ ሥራ የሚፈታበት ወራት አለው።

የማኅበራት መሪዎች ድርሻ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራትን ቢያንስ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር መሬት ላይ ሲያቋቁም፣ ከሰጣቸው ተግባራት መካከል በክልላቸው ያለውን አፈር፣ ውኃና ደን መጠበቅ አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጎች ተለውጠዋል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም በ1991 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም በ2009 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች እንደገና ተደራጅተዋል። የደን ጥበቃው ኃላፊነት ግን ዛሬም ከመሪዎች ትከሻ አልወረደም። ዛፍን “ምሳር በዛብህ” ቢሉት “ዛቢያው ከእኔው ነው” አለ ይባላል። በወይራ ላይ የሚወርደው ምሳርም ዛቢያው ብዙ ጊዜ ከራሱ ከቀበሌው ሰው እጅ ነው።

ስለዚህ መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባ የሚከተሉትን ቢያነሡ ይጠቅማል።

በቀበሌው ያሉት የወይራ ዛፎች ይቆጠሩ። ከሥሩ የተቆረጠ ወይራ ከጉቶው መልሶ የማቆጥቆጥ ጠባይ ስላለው፣ የቆጠቆጠው ከከብት ተጠብቆ ጠንከር ያሉት ሁለት ወይም ሦስት ቀንበጦች ብቻ ቢተዉለት ከአዲስ ችግኝ ፈጥኖ ይደርሳል። አዲስ ለመትከል የሚፈልጉ ደግሞ የፍሬው ሥጋ ተወግዶ ጠንካራው ቅርፊት በጥንቃቄ ቢሰነጠቅ ዘሩ ፈጥኖ እንደሚበቅል ለችግኝ ጣቢያው ያስረዱ።

ቅርንጫፍ ሲገረዝ በቀጥታ ወደ ማገዶ ከመሄዱ በፊት ለእጀታ የሚሆነው ይለይ። ቀጥ ያለውና የእጅ አንጓ የሚያህለው ተመርጦ በማኅበሩ መጋዘን ጥላ ሥር ይደርደር፤ የገባበት ወርና ዓመት ይጻፍበት።

የእንጨት ሥራ ዝንባሌ ያላቸው ወጣቶች፣ ሴቶችም ጭምር፣ ተመርጠው በወረዳው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ እንዲማሩ ይደረግ። ሞረድ፣ ሞርሳ፣ መሰርሰሪያና የብርጭቆ ወረቀት ለአንድ ሰው ቢከብድም በጋራ ለሚገዛ ማኅበር ከባድ ወጪ አይደለም። ብረቱን ከሚሠራው ባለሙያ ጋርም ዋጋው በግልጽ ተነጋግሮ፣ ድካሙ በስድብ ሳይሆን በገንዘብና በክብር እንዲከፈለው ይደረግ።

የሚሠራው ቢላዋ አስቀድሞ ለቀበሌው ገፋፊዎችና ለእናቶች ይሰጥና አንድ የበዓል ሰሞን ይሞከር። በእጅ ከተያዘ በኋላ የሚላላው፣ የሚሻክረውና የሚሰነጠቀው ተለይቶ ወደ ሠሪው ይመለስ። ለከተማ ገበያ መቅረብ ያለበት ይህን ፈተና ያለፈው ነው። በምዕራብ በኩል ላሉት ማኅበራት የሳንሱሲ መንገድ ወደ ከተማው የሚያስገባ ደጃፍ ነው። ከተማው ደግሞ በእጅ የተለሰለሰና የእንጨቱ መልክ የሚታይበት ቢላዋ ሲያገኝ ከፋብሪካው የፕላስቲክ እጀታ ይልቅ የሚመርጥ ገዢ አያጣም።

የተገዛውም ቢላዋ እንዲበረክት አያያዙ ለገዢው ይነገር። ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አይደር፤ ታጥቦ ወዲያው ይወልወል፤ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ደግሞ በጣት ጫፍ የተልባ ዘይት ይታሽ። እንዲህ የተያዘ የወይራ እጀታ ዓመታት ባለፉ ቁጥር እየጠቆረና እያበራ ይሄዳል፤ ስለቱ በሞረድ አልቆ ቢቀር እንኳ ለሌላ ስለት ያገለግላል።

ወይራ ለማደግ የሰውን ግማሽ ዕድሜ የሚጠይቅ ዛፍ ነው። ዛሬ በሕይወት ያሉ አባቶች የተከሉትን ወይም ሳይቆርጡ የተዉትን እንጨት በአንድ ምሽት ከሰል አድርጎ መጨረስ ለማንም አይከብድም። ያንኑ እንጨት የሰው እጅ የሚይዘው፣ ቆዳ የሚያድን፣ ለወጣት መተዳደሪያ የሚሆን መሣሪያ ማድረግ ግን አንድ ዓመት ትዕግሥት፣ ጥቂት ዘይትና ለሙያው ክብር የሚሰጥ መሪ ይፈልጋል። ዘንድሮ የሚገረዙት ቅርንጫፎች ወደ የትኛው እንደሚሄዱ የሚወስነው የማኅበሩ ስብሰባ ነው።